የወናፉ እሺታ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ዝም በሉ። ትንፋሻችሁንም ቢሆን ቀስ አድርጉት፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ይገባችኋል።

የምነግራችሁ አገር ስም አለው፤ እኔ ግን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ነገ ተነስታችሁ «የኛን መሥሪያ ቤት ነው የሚያማው» ትሉኛላችሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ከማንም ጋር ጭቅጭቅ አልፈልግም። ብርዳም አገር ነው፤ ይህን ማወቅ ይበቃችኋል። ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል፤ ሰው ከሰው ሲገናኝ እጁን ከብብቱ ሳያወጣ ነው ሰላም የሚባባለው።

የዚያ አገር ሰው አንድ አመል ነበረው። «አዎ» ለማለት አፉን አይከፍትም። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «ህእ!» ይላል፤ አለቀ። «ምሳ በላህ?» «ህእ!» «ልጅህን ተሻላት?» «ህእ!» ሙሽራ እንኳን «ይህን ሰው ታገቢዋለሽ?» ስትባል «ህእ!» ብላ ነው የምትዳረው። ብርዱ ነው ያስለመዳቸው ይላሉ፤ አፍ ሲከፈት ሙቀት ይወጣል ብለው ነው አሉ። እኔ ግን ስንፍና ነው እላለሁ። ምን ያስቃችኋል? እናንተም ትሉታላችሁ። አሁን እንኳን ከመሃላችሁ አንዱ ሲል ሰምቼዋለሁ።

በዚያ አገር ድሮ እሳት የሚገኘው ከጎረቤት ነበር። ምድጃው የጠፋበት ሰው ገል ቢጤ ይዞ ይመጣና «እሳት ልጭር ነው የመጣሁት» ይላል፤ ሁለት ሦስት ፍም ያደርጉለታል፤ እፍ እፍ እያለ ወደ ቤቱ ይሮጣል። ማን ለማን ስንት ፍም እንደሰጠ የሚያስታውስ አልነበረም። በድንበር የተጣሉ ጎረቤታሞች እንኳን ያንደኛቸው ምድጃ የጠፋ ዕለት ይታረቁ ነበር። ወደው አይምሰላችሁ፤ በርዷቸው ነው።

ታዲያ አንድ ንጉሥ ተነሳ። ደግ ንጉሥ ነበር፤ ጣጣው የመጣውም ከደግነቱ ነው። «በግዛቴ እሳት የሌለው ቤት አይኑር» አለና ኮረብታው አናት ላይ ፍም ቤት የሚባል ትልቅ መሥሪያ ቤት አቆመ። ፍም ቤቱ ሌት ተቀን ግንድ ይማግዳል፤ ፍም አመላላሾች በየጠዋቱ ፍሙን በገል ይዘው በየቤቱ ያድላሉ። ፍም የሚወስድ ቤት ደግሞ በምላሹ ሰኞ ሰኞ አንድ ሰው ልኮ ለፍም ቤቱ እንጨት ያሸክማል። እስከዚህ ድረስ ምን ክፉ አለው? ንጉሡ እንዲያውም ጨምሮ አወጀ፦ «ያልተስማማ ሰው ቤት ፍም አይግባ። የእያንዳንዱ ቤት እሺታ በጆሮ ይሰማ።» እሰይ ነው የሚያሰኘው! እኔ ብሆን እልል እል ነበር።

እሺታን የሚሰሙ ሹማምንት ተሾሙ፤ ባለ ጆሮ ተባሉ። መጀመሪያ ላይ ባለ ጆሮዎቹ እንደ ሰው በር አንኳኩተው ይገቡና «ከፍም ቤት ጋር ውል ይገባሉ ወይ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ሰው ደግሞ ሲጠየቅ ይጠይቃል። ፍሙ የምን እንጨት ነው? ሰኞ ብታመምስ? ለሠርግ ይጨመርልኛል? እየተባለ በቀን ከሁለት ቤት በላይ ማዳረስ አቃታቸው። ይህን ጊዜ የፍም ቤቱ የበላይ፣ አዛዥ ድልነሳ የሚባል ጣቱ ቀጭን፣ ንግግሩም ቀጭን የሆነ ሰው፣ አዋጁን ደግሞ ደጋግሞ አነበበና ፈገግ አለ።

«አዋጁ እሺታው ይሰማ ነው የሚለው። ይጠየቅ አይልም» አለ።

ከዚያ ወዲህ ባለ ጆሮ ማንኳኳቱን እርግፍ አድርጎ ተወው። ጆሮውን ከግድግዳው ይለጥፋል፤ ከውስጥ አንድ «ህእ!» ከሰማ በያዘው ገመድ ላይ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራል፤ በሩን ኖራ ይቀባና ይሄዳል። በቃ፣ ውል ተገባ። ለሰባት ዓመት።

እስቲ ንገሩኝ፤ ትንፋሽ ወደ ውስጥ የማይስብ ሰው ታውቃላችሁ? ሴትዮዋን መርፌ ወጋ ሲያደርጋት «ህእ!» ትላለች። ሽማግሌው ወገቡን ይዞ ከአልጋ ሲነሳ «ህእ!» ይላል። ሕፃን እንኳን ሊያለቅስ ሲል መጀመሪያ ወደ ውስጥ ነው የሚስበው። አገር በሙሉ ተዋዋለ። አዛዥ ድልነሳ ለንጉሡ «ሕዝብዎ ሕፃናት ሳይቀሩ በፈቃዱ ገብቷል» ብሎ አስነገረ፤ ደጉ ንጉሥም ደስ ብሎት አለቀሰ አሉ።

ውል የገባ ቤት ምድጃው በጭቃ ይታሸጋል። ሁለት እሳት አንድ ቤት ውስጥ እንዳይጣሉ ነው ተባለ። ለጎረቤት ፍም ማቃመስም ክልክል ሆነ። ከኮረብታው የሚመጣው ፍም ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ መንገዱ ረጅም ነው፤ ሲደርስ አመዱ ከፍሙ ይበዛል። ሰው ሊያመለክት ይሄዳል። ባለ ጆሮው «ፍሙ ቀዘቀዘ ነው የምትለው?» ይለዋል። ምስኪኑ «ህእ!» ይላል። ባለ ጆሮው ቋጠሮውን ጠበቅ ያደርጋል፤ ውሉ ከዛሬ ጀምሮ ለሰባት ዓመት ታደሰ ማለት ነው።

አልፈልግም ማለት አይቻልም ነበር ብል ግን ግፍ ይሆንብኛል። ይቻላል፤ ተጽፏል። የማይፈልግ ሰው ባለ ጆሮ ፊት ቆሞ የእምቢታውን ቃል ይናገራል። የእምቢታው ቃል ከንጉሡ ስም ይጀምርና የአባታቸውን፣ የአያታቸውን፣ እስከ አሥራ አራተኛው ትውልድ ድረስ ከነማዕረጋቸው ይቆጥራል፤ መጨረሻ ላይ «ፍሙን አልሻም» ይላል። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መባል አለበት። መሃል ላይ አየር የሳበ ሰው ተስማማ። ብዙው ሰው ስድስተኛው አያት ላይ ይቀራል። አንዲት የታወቀች አልቃሽ ዘጠነኛው ድረስ ደርሳ ነበር፤ እሷም ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ አልተመለሰም።

አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁና ወደ ሰውዬዬ እመጣለሁ። ውል የገባ ሰው «ደንበኛ» ይባላል። በነሱ አፍ ልክ እንደኛው ደንበኛ ሰው ማለት ደግሞ ደህና ሰው፣ ወግ ያለው፣ ከሰው የሚቆጠር ማለት ነው። እንግዲህ «ኧረ እኔ ደንበኛ አይደለሁም!» ብሎ የሚሟገት ሰው በገዛ አፉ ራሱን ይሰድባል። ባለ ጆሮዎቹ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። «እንዴ፣ ደንበኛ አይደለህም እንዴ?» ሲሉት ሰውየው ዘመዶቹን ገልመጥ አድርጎ አፍሮ ዝም ይላል።

ሰውዬዬ አይነኩሉ ይባላል። ብረት ቀጥቃጭ ነው። ከመንደሩ ወዲያ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከሚስቱ ከአንጓች ጋር ለብቻቸው ይኖራሉ። ለምን ለብቻቸው እንደሆነ አታስለፍልፉኝ፤ ታውቁታላችሁ። ሰው የቀጥቃጭን ማረሻ ይፈልጋል፤ የቀጥቃጭን ደጃፍ ግን አይረግጥም። ዓይኑ ክፉ ነው ይሉታል። ገበሬው ብረቱን ከደጅ ያስቀምጥና ራቅ ካለች ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። «እሳት ልጭር» ብሎ የአይነኩሉን ቤት ያንኳኳ ጎረቤት፣ በዚያ በደጉ ዘመን እንኳን፣ አንድም አልነበረም።

አንጓች ሸክላ ሠሪ ናት፤ በማንደጃ ሥራዋ የታወቀች። ምድጃ ሁሉ ከታሸገ ወዲህ ግን ማንደጃ የሚገዛት ጠፍቶ ነበር፤ ከአንድ ትልቅ ቤት በስተቀር። የዚያን ቤት ስም ለጊዜው በሆዴ ልያዘው።

አይነኩሉ ከሁለት ፍየል ቆዳ የተሠራ ወናፍ አለው። አንዱ ቆዳ ሲነፋ ሌላው ይስባል፤ ሌላው ሲነፋ አንዱ ይስባል። እሳቱ ዕረፍት አያውቅም። የዚያ አገር ማረሻ ሁሉ የሚሳለው በዚያ እሳት ነበር። ዝናብ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እንደ ወትሮው ገበሬው የዶለዶመ ማረሻውን እያመጣ ደጁ ላይ ከመረ፤ ስልሳ ሁለት ማረሻ። የዘንድሮ እህል በሙሉ እዚያ ክምር ውስጥ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

አሁን ደግሞ ባለ ጆሮውን ተዋወቁት። ተሰማ ይባላል። አባቱ ስሙን ሲያወጣለት ሹመቱን አስቀድሞ አይቶት ነበር መሰለኝ። መንደሩን ሁሉ አድምጦ ስለጨረሰ ተሰማ ሥራ ፈትቷል፤ ሥራ የፈታ ባለ ጆሮ ደግሞ ይሻራል። ስለዚህ ማንም ከሰው ቤት ቆጥሮት ወደማያውቀው ቤት፣ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ጆሮውን ለጠፈ።

«ህእ!»

ቋጠረ። ዘወር ሊል ሲል ደግሞ «ህእ!» ይህንንም ቋጠረ። «ህእ!» «ህእ!» «ህእ!» ያ ሰው አያባራም። ገመዱ አለቀ፤ መቀነቱን ፈትቶ ቀጠለ፤ መቀነቱ ሲያልቅ የአህያውን መጫኛ ፈታ። ምሳ ሰዓት ላይ ወናፉ ዝም ሲል አራት መቶ አሥራ ሁለት ቋጠሮ ሆኗል። ተሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ስንቱን ግድግዳ አድምጫለሁ፤ እንዲህ ያለ ፈቃደኛ ግን አላጋጠመኝም» አለ።

አራት መቶ አሥራ ሁለት ውል፣ እያንዳንዱ ሰባት ሰባት ዓመት። አስሉት። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ አራት ዓመት ይመጣል።

በማግስቱ አይነኩሉ በሩን ሲከፍት ፍም አመላላሾች ከደጁ እስከ ወንዙ ድረስ ተሰልፈው ቆመዋል፤ በየእጃቸው ገል። ተሰማ ከፊት ሆኖ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

«ክቡር ደንበኛችን፣ እንደምን አደሩ?»

አይነኩሉ ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ አየ። ማንም የለም።

«እኔን ነው?»

«ታዲያ ማንን ነው፣ ክቡር ደንበኛችን?»

አይነኩሉ ከመደንገጡ የተነሳ ትንፋሹን ሳበ። «ህእ!»

«አራት መቶ አሥራ ሦስት» አለ ተሰማና ቋጠረ።

ምድጃ የሚያሽጉ ጭቃ ለጣፊዎች ገቡ። አይነኩሉ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ክንዱ እንደ ግንድ ነው፤ አንዳቸውንም በአንድ እጁ ማውጣት ይችል ነበር። ግን ምድጃው ሲታሸግ ቆሞ አየ። ምን ነካው አትበሉኝ። «ክቡር» አሉት! እናንተ ከተወለዳችሁ ጀምሮ ሰው ስትባሉ ኖራችኋል፤ ምን እንደሆነ አታውቁትም። እሱ አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን «አንቱ» ተብሎ አያውቅም።

አንጓች የሸክላ አፈር ልትቆፍር ሄዳ ነበር። አፈሩን ተሸክማ ስትመለስ ግቢው አመድ በአመድ ሆኗል። ባሏ ታጥቦ፣ ንጹሕ ነጠላ ለብሶ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ደንበኛ ሆንኩ» አላት።

«ምን ሆንክ?»

«ደንበኛ። ክቡር ደንበኛ። አንቱ አሉኝኮ አንጓችዬ!»

«እሳቱስ?»

አይነኩሉ ወደ ታሸገው ምድጃ ላለማየት ወደ ጣሪያው አየ። «ያመጣሉ። በየጠዋቱ፣ አራት መቶ ምናምን ገል።»

አንጓች አፈሯን አወረደች። አንዱን ገል አነሳችና ጣቷን ሰተት አድርጋ ከተተችው። ትንሽ ቆየች። ጣቷን አውጥታ አመዱን በቀሚሷ ጠረገች። ለብ እንኳን አላላትም።

«በዚህ ነው ማረሻ የምታግለው?»

አይነኩሉ የነጠላውን ጫፍ አስተካከለ።

«ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። አገሩ በምን ሊያርስ ነው፣ በክቡር?»

ያን ጊዜ ገባው። ማረሻው ካልተሳለ ገበሬው አያርስም፤ ገበሬው ካላረሰ ጥፋቱ የሚለጠፈው በፍም ቤቱ ላይ አይደለም፤ «ያ ቀጥቃጭ ነው፣ በዓይኑ ነው የበላን» ነው የሚባለው። ከዚያ በኋላ ወንዙን ተሻግሮ የሚመጣው ማረሻ የያዘ ሰው ሳይሆን ዱላ የያዘ ሰው ነው።

እምቢታውን ሊናገር ሄደ። ደረቱ ሰፊ ነው፤ ተስፋ ነበረው። መንደሩ ሁሉ ሊሰማ ወጣ። ሰባተኛውን አያት አለፈ፤ አልቃሿ የቀረችበትን ዘጠነኛውን አለፈ፤ አሥራ አንደኛው ላይ ፊቱ እንደ ጋለ ብረት ቀላ። የአሥራ ሁለተኛው አያት ማዕረግ ግን ሆን ተብሎ የተራዘመ ይመስል ማለቂያ የለውም። አየር ሳበ። «ህእ!»

«አራት መቶ አሥራ አራት» አለ ተሰማ፣ እውነቱን ለመናገር እያዘነለት። «በነገራችን ላይ ክቡር ደንበኛችን፣ ሰኞ ዕለት ለእንጨት ሸክሙ ከቤትዎ አራት መቶ አሥራ አራት ሰው ይጠበቃል።»

«ሁለት ነንኮ! እኔና እሷ ብቻ።»

«እንግዲህ ሲስማሙ ማሰብ ነበረብዎ።»

በዚህ በዚያ ሁለት ሳምንት አለፈ። ዝናቡ አንድ ሳምንት ሲቀረው አንጓች ባሏን ይዛ፣ ወናፉን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ዳኛው ዘንድ ቀረበች። ዳኛው ወምበር ምንውየለት ይባላሉ። ዋርካው ሥር ሦስት ጋቢ ደራርበው ተቀምጠዋል፤ እሳቸውም ደንበኛ ናቸዋ! የተሾሙበት ደብዳቤ ሲነበብላቸው ደስ ብሏቸው «ህእ!» ብለው ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይንቀጠቀጣሉ። አዛዥ ድልነሳ በአካል መጣ። ተሰማ ደግሞ ገመዱን፣ መቀነቱንና መጫኛውን በሁለት ሰው አሸክሞ ደረሰ።

«ነገሩ ግልጽ ነው ጌታዬ» አለ አዛዡ በዚያ በቀጭን ድምፁ። «እሺታው ተሰምቷል። ቋጠሮው ይኸው።»

«የተሰማው ይሄ ነው ጌታዬ» አለች አንጓች፤ ወናፉን መሬት ላይ አስቀምጣ ሁለቱንም ቆዳ ይዛ ሳብ ለቀቅ አደረገችው። «ህእ! ፉ። ህእ! ፉ።» ሰዉ በሳቅ አለቀ። ተሰማ ጆሮውን ይዞ መሬት መሬት አየ።

አዛዡ ግን የሚያፍር ሰው አይደለም። «ቢሆንስ? አዋጁ የቤቱ እሺታ ይሰማ ነው የሚለው። ወናፉ የማን ነው? የቤቱ። እንግዲያው ቤቱ ተስማማ።»

ወምበር ምንውየለት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና «እንዲያ ከሆነ እንግዲህ...» ብለው ጀመሩ። አይነኩሉ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ብቻ» አለች አንጓች በትሕትና። ወደ አዛዡ ዞረች። «ወናፉ የሚለው እውነት ነው ይላሉ?»

«እውነት ነው እንጂ። ወናፍ ዋሽቶ ምን ያተርፋል?»

«በዳኛ ፊት የሚጸና?»

«የሚጸና!»

«እግዜር ይስጥልኝ።» ወናፉ አጠገብ ተንበረከከች። «ወናፌ፣ የፍም ቤቱን ፍም ትፈልጋለህ?» ሳበችው። «ህእ!»

«ይኸው!» አለ አዛዡ።

«ፍሙ ሲደርስ አመድ ነው?» «ህእ!»

ሰዉ አጉረመረመ። አዛዡ ትከሻውን ነቀነቀ።

«ደግሞስ ወናፌ፣ አገር ምድጃውን አሽጎ ሲንቀጠቀጥ፣ አዛዥ ድልነሳ ግን በየወሩ ከኔ ከአንጓች ማንደጃ እያስገዙ ጓሯቸው ውስጥ ተደብቀው የራሳቸውን እሳት ይሞቃሉ?»

«ህእ!» አለ ወናፉ።

«ህእ!» አለ አዛዥ ድልነሳ፣ ክው ብሎ።

የአዛዡን ትንፋሽ ያልሰማ አልነበረም። ተሰማ፣ ክፋት ኖሮት ሳይሆን እጁ ለምዶበት፣ አንድ ቋጠሮ ቋጠረ።

ወምበር ምንውየለት ከሦስቱ ጋቢ አንዱን አወለቁ። «እህ፣ አዛዥ! አንዱን ይምረጡ። ወናፉ እውነተኛ ከሆነ ተነስተን ጓሮዎን እንይ። ወናፉ ቆዳ ከሆነ አራት መቶ አሥራ ሁለቱ ቋጠሮ ይፈታ።»

አዛዡ ወደ ቤቱ አቅጣጫ አየ። «ቆዳ ነው» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ወዲያው ብልጭ አለለትና፣ «ሁለቱ ግን የራሱ የሰውየው ናቸው!»

«አራት መቶ አሥራ ሁለቱ ባይኖሩ ሰውየው በምን ደንግጦ ነበር ትንፋሽ የሚስበው?» አሉና ዳኛው በትራቸውን መሬት መቱ። «ተፈርዷል። ቀጥቃጭ አይነኩሉ ደንበኛ አይደለም!»

ሰዉ ጮቤ ረገጠ፤ አልቃሿ እንኳን በዚያ በተዘጋ ድምፅዋ እልል አለች። አይነኩሉ ብቻ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ፦

«አንጓች» አላት።

«ወይ።»

«በዳኛ አፍ ደንበኛ አይደለም ተባልኩ።»

«ሰማሁ።»

«አገር ነው የሰማው።»

አንጓች ወናፉን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረችው። ባሏን ሰረቅ አድርጋ ስታየው ልቧ ተንሰፈሰፈ፤ ግን እሷ እንዲህ ያለውን ነገር በአፏ የምትናገር ሴት አይደለችም።

«ስልሳ ሁለት ማረሻ አለብህ» አለችው። «አዝነህ ስትጨርስ ንገረኝ፤ ጭቃውን እኔ አፈርሰዋለሁ።»

ጭቃው ፈረሰ። በዚያን ዕለት ጠዋት ከመጣው አራት መቶ ምናምን ገል ውስጥ አንዲት ያልሞተች ፍም ለቅመው በወናፉ አነቋት። በስድስት ቀን ስልሳ ሁለቱም ተሳሉ። በሰባተኛው ቀን ዝናብ ገባ፤ አገሩ አረሰ።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ አልቆመም። አዛዥ ድልነሳ ቀዳዳውን ሊደፍን ብሎ «የወናፍ ትንፋሽ ከእሺታ አይቆጠርም» የሚል ማሻሻያ አወጣ። ምነው እጁን በቆረጠው ኖሮ! በነጋታው አንድ ሰው ትከሻው ላይ ወናፍ ጣል አድርጎ ወምበር ምንውየለት ፊት ቀረበ።

«ጌታዬ፣ ያኔ ከኔ ቤት የተሰማውም ወናፍ ነበር።»

«አንተ ሸማኔ አይደለህም እንዴ?»

«ሸማኔ ወናፍ አይኑረው የሚል አዋጅ አለ?»

ዳኛው አዋጁን አገላበጡ። የለም። ከዚያ ወዲህ በአገሩ ወናፍ የሌለው ቤት ጠፋ። አንዳንዱ የማይነፋ ሁሉ ይዞ ይቀርብ ነበር፤ ሰፍቶ ሳይጨርሰው። የፍየል ቆዳ ተወደደ፤ ፍየሎችም የሆነ ነገር የጠረጠሩ ይመስል ሰው ሲያዩ መሸሽ ጀመሩ። ከሁሉም ቀድሞ ወናፍ ያሠራው ማን ይመስላችኋል? ወምበር ምንውየለት ናቸዋ! በራሳቸው ላይ ራሳቸው ፈረዱና ጋቢያቸውን አወለቁ።

እንግዲህ ሰው ሁሉ ጭቃውን አፍርሶ ምድጃውን ከፈተ። ከፈተና ቆመ። እሳት የለማ! የፍም ቤቱ አመድ አያቀጣጥልም፤ ጎረቤትም ያው እንደሱ ባዶ ምድጃ ታቅፎ ተቀምጧል። ከአዛዡ ድብቅ እሳት ሌላ በአገሩ አንድ የሚነድ ምድጃ ብቻ ነው የቀረው፣ ከወንዙ ማዶ።

መጀመሪያ የመጣችው አልቃሿ ናት። ገሏን ይዛ ያቺ ገበሬዎች የሚቀመጡባት ድንጋይ ድረስ ደረሰች፤ ቆመች፤ አንድ እግሯን አነሳች፤ መለሰችው። ከዚያ ድንጋይዋን አለፈቻት። ደጃፉን ረገጠች።

«እሳት ልጭር ነው የመጣሁት» አለች።

አይነኩሉ መዶሻውን አስቀመጠ። በእጁ ወደ ምድጃው አመለከታት። ስትወጣ ሌላ መጣ፤ ቀጥሎ ሸማኔው፤ ቀጥሎ ሦስት እናቶች። እስከ ማታ ድረስ የዚያ ቤት ደጃፍ በአርባ ዓመት ያልተረገጠውን ያህል ተረገጠ። አይነኩሉ ለእያንዳንዱ ሳይቆጥር ፍም አደረገ።

መጨረሻ ላይ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ባለ ጆሮ ተሰማ መጣ። ሹመቱ ቀርቷል። ገሏን ከጋቢው ሥር ደብቋታል። የሱም ቤት ምድጃ የታሸገ ነበር፤ የራሱን ግድግዳ ያደመጠው ራሱ ነው፣ ሥራ ነው ብሎ።

አይነኩሉ አየው። አንጓችም ጭቃ እየለወሰች ነበር፤ እጇን አቆመች።

«እሳት ትፈልጋለህ?» አለው አይነኩሉ።

ተሰማ ወደ መሬት እያየ ትንፋሹን ሳብ አደረገ። «ህእ!»

አይነኩሉ አልተንቀሳቀሰም። «አልሰማሁህም» አለው።

ተሰማ ቀና አለ። ቀጥቃጩ እየቀለደ እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን አየ፤ አይቀልድም። ያ ስንት ቤት ሳይጠየቅ እሺ ያሰኘ ሰው አፉን ከፈተ፤ ዘጋ፤ እንደገና ከፈተ። ቃሉ ከጥቅም ውጪ ከሆነ ቆይቷልና እንደ ዛገ ማጠፊያ ነው የወጣው።

«አዎ» አለ። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ በአካባቢው ያሉ ፍየሎች እስኪደነብሩ፣ «አዎ! እፈልጋለሁ! እባክህ!»

«እንዲህ ነዋ!» አለና አይነኩሉ ከፍሙ መሃል ደህና ደህናውን መርጦ ገሉን ሞላለት። «ግባ፤ መጀመሪያ ትንሽ ሙቅ።»

እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው። ፍም ቤቱ ዛሬም አለ ይላሉ፤ አዛዡ አዋጁን ገና እያነበበ ነው። ወናፎቹም ከየበሩ ኋላ እንደተሰቀሉ ናቸው። እንግዲህ ምን ትላላችሁ፣ ሌላ ነገር እንድነግራችሁ ሌላ ቀን ትመጣላችሁ?

ኧረ ተዉ፣ ተዉ። እንደሱ አይደለም። አፋችሁን ክፈቱና በሉት።